በሲኒማ የምትታየው ልጃገረድና በቤት ያለችው ልጅ

ሴት ልጅ ዕድሜዋ ወደ ዐሥራ አራት ዓመት ሲጠጋ፣ በመስታወት ፊት የምትቆምበት ጊዜ እየረዘመ፣ ከአባትና ከእናትዋ ጋራ ተቀምጣ የምትጫወትበት ጊዜ ደግሞ እያጠረ ይሄዳል። ትናንት ደስ ብሏት የለበሰችውን ቀሚስ ዛሬ አልለብሰውም ትላለች። ምክንያቱን ቢጠይቋት «እንዲህ ያለውን ማንም አይለብሰውም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይገኝባትም። ይህ «ማንም» የተባለው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ወላጅ ወደ ተማሪ ቤቱ መሄዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጂቱ ማታ ማታ የምታየውንም ሲኒማ አብሮ ሊመረምር ይገባዋል። አባቶቻችን ከአህያ ጋራ ስለ ዋለች ጊደር የተናገሩትን ተረት አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ መጨረሻው ለጋዜጣ ስለማይመች እንተወዋለን። ዛሬ ግን ጊደሪቱ ከቤት ሳትወጣ የምትውልበት መስክ በእጇ ላይ አለ።

ሲኒማ ስንል ትኬት ተቈርጦለት በአዳራሽ የሚታየውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ፊልሙ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ከልጂቱ ጋራ እስከ መኝታዋ ድረስ ይሄዳል። ከዚህም ሁሉ መካከል በአሜሪካ አገር ስለ ተማሪዎች ኑሮ፣ ለኮረዶችና ለጐረምሶች ተብሎ የሚሠራው ፊልም ራሱን የቻለ ዓይነት ሆኖ ብዙ ዘመን ቈይቷል፤ ዛሬ የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ መልኩ ይለያይ እንጂ ሥሩ አንድ ነው። አንዲት ልጅ ወደ ዐዲስ ተማሪ ቤት ትገባለች፤ ወይም እዚያው ቈይታ ሳለ ማንም ልብ የማይላት ናት። በምሳ ሰዓት ምግቧን ይዛ በአዳራሹ መካከል ትቆማለች። ገበታው ሁሉ በየወገኑ ተይዟል፤ በአንዱ ስፖርተኞቹ፣ በአንዱ በትምህርት የበረቱት፣ በሌላው የተዋቡትና የሚፈሩት ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። ስለ ድሮው የግብር አዳራሽ ሥርዓት ከአባቶቻቸው የሰሙ አንባቢዎቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ልዩነቱ፣ በግብር ላይ ለእያንዳንዱ እንደ ማዕርጉ ቦታውን የሚያሳየው አጋፋሪ ነበረ፤ በዚህኛው አዳራሽ ግን ሕጉን የሚነግር የለምና ልጂቱ የት እንደምትቀመጥ የምታውቀው ተሳስታ ከተሳቀባት በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የመለወጥ ትርኢት ይመጣል። ሚስተር ጆን ሂውዝ በ1985 ያወጡት «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» የሚባለው ፊልም፣ አምስት ተማሪዎች ተቀጥተው አንድ ቅዳሜ ቀን ሙሉ በተማሪ ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲውሉ ያሳያል። ከአምስቱ አንዲቱ ጠጕሯን በፊቷ ላይ ደፍታ ከሰው ተለይታ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ወደ ማታ ሌላዪቱ ልጅ ወስዳ ፊቷን ታስጌጥላታለች፤ ጠጕሯንም ከፊቷ ላይ ታነሣላታለች፤ ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ልብ ያላላት ስፖርተኛ ዓይኑን ከእርስዋ ላይ ማንሣት ያቅተዋል። በ1999 በወጣው «ሺዝ ኦል ዛት» በሚባለው ደግሞ አንድ ጐረምሳ የተመረጠችለትን ማናቸይቱንም ልጅ የተማሪ ቤቱ ዳንስ ንግሥት ላደርጋት እችላለሁ ብሎ ይወራረዳል። የተመረጠችው ሥዕል የምትሥል፣ መነጽር የምታደርግ ልጅ ናት። መነጽሯ ወልቆ፣ ጠጕሯ ተቈርጦ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከደረጃ ስትወርድ ተመልካቹ ሁሉ ይደነቃል። ያለ መነጽር ደረጃውን እንዴት አድርጋ እንዳየች ፊልሙ አይነግረንም።

እነዚህ ፊልሞች በአፋቸው ክፉ አይናገሩም። እንዲያውም አብዛኞቹ «የራስሽን ጠባይ አትልቀቂ፤ ሰውን ለመምሰል አትድከሚ» ብለው ይመክራሉ። ነገር ግን ምክሩ በጆሮ ሲገባ ሽልማቱ በዓይን ይታያል፤ ሽልማቱም ሁልጊዜ የሚደርሰው ለተለወጠችው ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምን ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በ1978 የወጣው «ግሪስ» የተባለው ባለ ዘፈን ፊልም ነው። ሳንዲ የምትባል ከአውስትራሊያ የመጣች ጨዋ ልጅ በበጋ ዕረፍት ከአንድ ጐረምሳ ጋራ በባሕር ዳር ትተዋወቃለች። ተማሪ ቤት ሲከፈት ግን ልጁ በጓደኞቹ ፊት ያፍርና እንደማያስባት ሆኖ ይታያል። በመጨረሻ ሳንዲ ጠጕሯን አስጠቅልላ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬትና ከሰውነቷ ላይ የተጣበቀ ጥቁር ሱሪ ለብሳ፣ ሲጋራ ይዛ ትመጣለች፤ በዚህም ፍቅሩን ታገኛለች። ልጁም በበኩሉ እርስዋን ደስ ለማሰኘት በስፖርት ደክሞ የተማሪ ቤቱን የክብር ሹራብ አግኝቶ ለብሶ መጥቶ ነበር። ያችን ጥቁር ልብስ የለበሰች ሳንዲ ባየ ጊዜ ግን ሹራቡን ወዲያው አወለቀው። የእርስዋ ልብስ ግን እንደ ተለበሰ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ፊልም የዐሥራ አራት ዓመት ዕድሜ ካላት የእኅቱ ልጅ ጋራ ተቀምጦ አይቷል። ሊሰብካት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጂቱ ግን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው። ይህች ሴት ስንት ዓመቷ ነው አለች። ወዲያው ስናጣራ፣ የሳንዲን ክፍል የተጫወቱት ሚስ ኦሊቪያ ኒውተን ጆን በ1948 የተወለዱ ስለ ሆኑ፣ ፊልሙ በ1977 በጋ ሲነሣ የ28 ዓመት ሴት ነበሩ። የእርስዋ ተማሪ ጓደኛ ሆነው ሪዞ የምትባለውን ልጅ የተጫወቱት ሚስ ስቶካርድ ቻኒንግ ደግሞ 33 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያን ጥቁር ሱሪ በተመለከተ፣ መዝጊያው ተሰብሮ ስለ ነበረ በላያቸው ላይ ተሰፍቶ ይለብሱት እንደ ነበር ሚስ ኦሊቪያ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ተናግረዋል። እንግዲህ ሙሉ ሴት የሆኑት፣ ልብስ ሰፊና ቀለም ቀቢ የተመደበላቸው ተዋናይት እንኳ ያለ መርፌና ያለ ክር ያልገቡበትን ልብስ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመስታወት ፊት ቆማ ለምን አልሆነኝም እያለች ታዝናለች። የእኅቴ ልጅ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ጥቂት ቈይታም ያየቻቸውን የሌሎቹን ፊልሞች ተዋናዮች ዕድሜ አንድ በአንድ እንድንፈልግላት አደረገች።

ያገኘነውም እንዲሁ ነው። በ2004 የወጣው «ሚን ገርልስ» በሚባለው ፊልም የተማሪ ቤቱ ልጃገረዶች ሁሉ የሚፈሯትን ሬጂናን የተጫወቱት ሚስ ራቸል ማክአዳምስ ፊልሙ ሲወጣ 25 ዓመታቸው ነበር። ይበልጥ ያሳቀን ግን የሬጂና እናት ሆነው የተጫወቱት ሚስ ኤሚ ፖለር ናቸው፤ «ልጃቸውን» የሚበልጧቸው በሰባት ዓመት ብቻ ነው። ፊቱ ገና ያልጠራ፣ ቁመቱ ገና ያላበቃ ሰውነት የሚለካው በእንዲህ ያለው መስፈሪያ ከሆነ መቼም ጐዶሎ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም።

ነገሩም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሚስ ጁዲ ጋርላንድ በ1935 ከሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የፊልም ኩባንያ ጋራ ስትዋዋል የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ድምፅዋ አስደናቂ ነበረ፤ መልኳ ግን ለኩባንያው ሹማምንት አልበቃ አላቸው። ምግቧን እየቈጠሩ እንድትከሳ አደረጓት፤ ለጥርሷ መሸፈኛ፣ ለአፍንጫዋም ቅርጹን የሚያስተካክል ጐማ አበጁላት። እንድትከሳና እንድትነቃ፣ ማታም እንድትተኛ ክኒን ይሰጣት እንደ ነበር በኋላ ራስዋ ተናግራለች። በ1938 በወጣው «ላቭ ፋይንድስ አንዲ ሃርዲ» በተባለው ፊልም የተሰጣትም ክፍል ጐረምሳው ልብ የማይላትን ትንሽ ልጅ መሆን ነበር። በዚያው ፊልም ጐረምሶችን የምትማርከዋን የተጫወተችው ላና ተርነር በዕድሜ የምትበልጣት በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና፣ የ16 ዓመቷን ልጅ ሕፃን ለማስመሰል ደረቷን አጥብቀው አሰሩት። አንድ ጊዜ አደግሽ፣ አንድ ጊዜ አላደግሽም እየተባለ ሰውነቷ እንደ ሰም ተቀጠቀጠ። በዚያን ጊዜ በየአገሩ እንደ እርስዋ ለመሆን የሚመኙ ልጃገረዶች በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ነበሩ፤ እርስዋ ግን ሌላዪቱን እንድትመስል ትገደድ ነበር። ሚስ ጋርላንድ ከክኒኑ ሳትላቀቅ በ1969 በሎንዶን ከተማ በ47 ዓመቷ ሞተች።

ሲኒማ በልጆች ላይ ያለውን ኃይል ሊቃውንትም መመርመር የጀመሩት በዚያው ዘመን ነው። የቺካጎው ፕሮፌሰር ሄርበርት ብሉመር ወጣቶች ስለ ሲኒማ ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ አድርገው ጽሑፋቸውን በ1933 በመጽሐፍ አወጡት። ልጃገረዶቹ ልብሳቸውን፣ የጠጕራቸውን አሠራር፣ አካሄዳቸውንና አነጋገራቸውን ከፊልም እንደ ቀዱ ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ዛሬ ጽሑፉ ቢታደስ የሚለወጠው የተዋናዮቹ ስም ይመስለናል።

ከላይ የጠቀስነው «ሚን ገርልስ» ግን ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ይህን የመምሰል በሽታ ለመግለጥ ተብሎ የተሠራ ፊልም ነው። ድርሰቱን የጻፉት ወይዘሮ ቲና ፌይ፣ ወይዘሮ ሮዛሊንድ ዋይዝማን ስለ ልጃገረዶች ጓደኝነትና ጠብ ለወላጆች በ2002 ካወጡት መጽሐፍ ተነሥተው ነው። ኬዲ የምትባለው ልጅ ከእንስሳት ተመራማሪዎች አባትና እናትዋ ጋራ በአፍሪካ ያደገች፣ በ16 ዓመቷ መጀመሪያ ተማሪ ቤት የገባች ናት። የሬጂና ገበታ ሕግ አለው፤ ረቡዕ ረቡዕ ሐምራዊ መልበስ፣ ጠጕርን ወደ ኋላ ጠቅልሎ ማሰር ግን በሳምንት ከአንድ ቀን አይበልጥም። ሬጂና ራስዋ አንድ ቀን የስፖርት ሱሪ ለብሳ ብትመጣ የገዛ ጓደኞችዋ ከገበታው ከለከሏት። የሕጉ ባለቤት ናት ብለው አልማሯትም።

ወላጆችን ሊያስደነግጥ የሚገባው ግን የሱሪው ነገር አይመስለንም። ኬዲ በሒሳብ ትምህርት እጅግ የበረታች ናት። ከፊቷ የሚቀመጠው ጐረምሳ እንዲያስጠናት ስትል፣ የምታውቀውን እያወቀች መልሱን አበላሽታ ትጽፋለች፤ ማርኳም ይወርዳል። ለሴት ልጁ ማስተማሪያ ገንዘቡን የሚያፈስ አባት፣ የማርክ ዝርዝር በእጁ ሲገባ ልጄ ሰነፈች ብሎ ይቈጣል፤ አውቃ መስነፏን የሚጠረጥር ስንቱ ነው? በፊልሙ መጨረሻ ኬዲ ለሒሳብ ውድድር ቀርባ ተማሪ ቤቷን ታስሸልማለች። በውድድሩ ላይ የተቀመጠችባትን ልጅ አለባበስ በልቧ ስትነቅፍ ቈይታ፣ የሌላዪቱን መልክ መንቀፍ ጥያቄውን እንደማይፈታላት ድንገት ይገባታል። መልካም ትርኢት ነው። ይሁን እንጂ ከፊልሙ ተወስዶ በየሱቁ በካናቴራ ላይ ታትሞ የተሸጠው የሒሳቡ ነገር አይደለም፤ ያ የረቡዕ ሐምራዊ ሕግ ነው። ደራሲዋ ሊያሳፍሩት የጻፉት ሕግ ልብስ ሆኖ ተለበሰ።

በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ሴቶች ልጆቻቸው በዚሁ የምሳ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። ለእነርሱ መምሰል የሚባለው ነገር በሱሪ አያልቅም፤ የጠጕር ነገር አለ፣ የስም ነገር አለ፣ ከቤት የሚወሰድ ምሳ አለ። በዚህ ጽሑፍ በጠቀስናቸው ፊልሞች ሁሉ የታሪኩ ባለቤት ነጭ ልጅ ናት። በ2001 በወጣው «ዘ ፕሪንሰስ ዳየሪስ» አንዲት ተማሪ የንጉሥ ዘር መሆኗ ይነገራታል፤ ነገር ግን ያ የተጠቀለለ ጠጕሯ እስኪዘረጋ ድረስ ልዕልት አትመስልም ተባለ። በአገራችን ግን ጠጕራቸው የተጠቀለለ ወይዛዝርት ክብራቸው በዚያ ምክንያት ሲጐድል አልሰማንም። እናት ቅዳሜ ቀን ተቀምጣ የሠራችላትን ሹሩባ ልጂቱ እሑድ ማታ ፈትታው ብትገኝ፣ ከቍጣ በፊት ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚጠብቃት ብትጠየቅ ይሻላል።

አንዳንድ ወላጅ መፍትሔው መከልከል ነው ይላል። የምትከለክለው ስልክ የጓደኛዋ ከሆነ ግን ክልከላው ከደጃፍ አያልፍም። በ«ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ያን ጊዜ በ16 ዓመቷ የተጫወተችው ሞሊ ሪንግዋልድ ዛሬ የልጆች እናት ናቸው። የ10 ዓመት ሴት ልጃቸው ፊልሙን አሳዪኝ ስትላቸው አብረዋት ተቀምጠው አዩት። በ2018 «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ እንደ ጻፉት፣ በወጣትነታቸው እንደ ዋዛ ያለፉት ነገር፣ ጐረምሳው ልጂቱን ሲያዋርዳትና ሲነካካት ቈይቶ በመጨረሻ ፍቅርዋን ማግኘቱ፣ አሁን አሳስቧቸዋል። ፊልሙን ግን አልካዱትም፤ ለብዙ ወጣቶች ብቸኝነታቸውን እንዳቃለለላቸውም መስክረዋል። ከልጃቸው ጋራ ባያዩት ኖሮ ያን ያህል ባልመረመሩት ነበር።

ለወላጆች የምንመርጠው አንድ ፊልም ካለ በ2018 የወጣው የሚስተር ቦ በርናም «ኤይትዝ ግሬድ» ነው። ትርጓሜው ስምንተኛ ክፍል ማለት ነው። ለልጂቱ ክፍል የተመረጠችው ተዋናይ የ14 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ በፊቷ ላይ ያለውን ብጉር ቀለም አልሸፈነውም። ኬይላ የምትባለው ይህች ልጅ ስለ መተማመንና ራስን ስለ መሆን ምክር እየሰጠች ራስዋን በስልክ ትቀርጻለች፤ ምክሩን የሚሰማላት ሰው የለም ማለት ይቻላል። በተማሪ ቤት እጅግ ዝምተኛዪቱ ተብላ ትመረጣለች። ለልደት በዓል ተጠርታ ወደ አንድ የመዋኛ ስፍራ ስትሄድ፣ የዋና ልብስዋን ለብሳ ሌሎቹ ወዳሉበት ከመውጣትዋ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብታ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህን ያየ ጐልማሳ ሁሉ የራሱን ልጅነት ሳያስታውስ አይቀርም። የሚገርመው፣ በንግግሩ ብልግናና በአንዳንድ ነገሩ ምክንያት በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ የተሠራላቸው ልጆች ሊያዩት የሚችሉት አባት ወይም እናት አብሮ ሲገባ ብቻ ነበር ማለት ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ክልከላው ቀርቶ በየግዛቱ በነጻ እንዲታይ አድርጓል። እኛ ግን ከአባት ጋራ ይግቡ የሚለውን ሕግ በአጋጣሚ መልካም ሆኖ አግኝተነዋል።

ምክንያቱም የፊልሙ ልብ ያለው ከአባትየው ጋራ ነው። ኬይላን የሚያሳድጋት አባቷ ብቻውን ነው። በገበታ ላይ ሊያጫውታት ሲሞክር በጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ አውልቃ «ምን?» ትለዋለች፤ እርሱም አንዳች አይሆንለትም። ወደ መጨረሻው፣ ኬይላ ከሁለት ዓመት በፊት ተስፋዋንና ምኞቷን አስቀምጣበት የነበረችውን ሣጥን በግቢያቸው እሳት አስነድዳ ልታቃጥለው ትፈልጋለች፤ አባቷም ከእሳቱ አጠገብ አብሯት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ልጂቱ፣ እኔ ልጅህ በመሆኔ ታዝናለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። አባትየው ደንግጦ፣ በእርስዋ ምክንያት ያገኘውን ደስታ ሊነግራት ይጀምራል፤ ቃላቱ ይጠፉበታል፤ እንደ ገና ይጀምራል። ንግግሩ የተሰናዳ አይደለም። ኬይላ ተነሥታ አቅፋው በአንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። በኋላም ለሚመጡት የትምህርት ዓመቶች ሌላ ሣጥን ታዘጋጃለች።

ፊልሙ ሲያበቃ የእኅቴ ልጅ ወደ አባቷ ስልክ ደወለችና ነገ ማታ ሥራ እንዳለው ጠየቀችው።